ቀጭ ቀጭ የሚለው ሀርድ ዲስክ

(አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ አነስተኛ አዳራሽ ለፎቶ አንሺዎች፣ ለቪዲዮ ሠሪዎችና ለተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ድግግሞሹን ቀንሻለሁ፤ የቀረውን እንዳለ ትቼዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ከምሳ በኋላ ስለ ኤሌክትሪክ ማውራት እንቅልፍ መጥራት መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ በድምፅ ልጀምር። ዝም በሉና ስሙልኝ፤ ማይክሮፎኑን አስጠጋዋለሁ።

ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ትንሽ ፋታ። ደግሞ ቀጭ።

ይህን ድምፅ ቤቱ ሰምቶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ ብዙ ነን። እኔ ፒያሳ ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አለችኝ፤ ይህን ድምፅ የሰማ ሰው በበር ሲገባ ገና ከአረማመዱ አውቀዋለሁ። አገባቡ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ነው። ሀርድ ዲስኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ አንዳንዱም በፎጣ ጠቅልሎ፣ «ሞተብኝ» ይላል። «ተበላሸብኝ» የሚል ብዙም አልገጠመኝም።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ልቀይር። ሀርድ ዲስኩ ያው፣ ላፕቶፑ ያው፣ የምሰካበት ቀዳዳም ያው ነው። ረጅሙን ገመድ ነቅዬ በዚህች አጭር ወፍራም ገመድ እተካዋለሁ። ሰማችሁ? እንደ ንብ እምም ይላል። እየዞረ ነው። ይኸው ፎልደሮቹም መጡ።

ይህ ዲስክ ቅድምም ጤነኛ ነበር። ርቦት ነው።

የመጣሁት ይህችን ልነግራችሁ ነው፤ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ አልነበብም ሲል ከዲስኩ በፊት የሚደርሰውን ኃይል ጠርጥሩ። ያን አጣርታችሁ እስክትጨርሱ ደግሞ ኮምፒውተሩ ለሚያቀርብላችሁ ጥያቄ «እሺ» አትበሉ። ሁለተኛዋን ኋላ እመለስባታለሁ፤ ሰው ፋይሉን ሲያጣ የማየው በብዛት እዚያ ላይ ነው።

ዩኤስቢ በ1996 ሲወጣ የታሰበው ለኪቦርድ፣ ለማውስና ለመሳሰሉት ነበር። የሚዞር ነገር ይሸከማል ብሎ ያሰበ አልነበረም። በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 አንድ ቀዳዳ በ5 ቮልት እስከ 500 ሚሊ አምፔር (አምፔር የሚፈሰው ኤሌክትሪክ መጠን ነው፤ 500 ሚሊ ማለት ግማሹ) እንዲሰጥ ይደነግጋል፤ ያውም ዕቃው ራሱን ለኮምፒውተሩ አስተዋውቆ ፈቃድ ካገኘ በኋላ ነው፤ እስከዚያ የሚፈቀድለት 100 ብቻ ነው። በ2008 የመጣው 3.0 ወደ 900 ሚሊ አምፔር አሳደገው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው ቀዳዳ እሱ ነው፤ ቀለሙ ግዴታ ስላልሆነ ግን በቀለም ብቻ አትማሉ። እውነቱን ለመናገር ብዙ ኮምፒውተሮች ይህን ሕግ በጥብቅ አያስከብሩም፤ ከተጻፈው በላይ ይለቃሉ። ጎረቤት ቤት የሠራው ሀርድ ዲስክ እናንተ ቤት እምቢ የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ኪስ የምትገባው ባለ 2.5 ኢንች ሀርድ ዲስክ አንዴ መዞር ከጀመረች ግማሽ አምፔር አካባቢ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች ይበቃታል። ጣጣው ስትነሳ ነው። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚወጣ ሚኒባስ አስቡ። ትርፍ ጭኗል እንበል፤ እንበል ነው ያልኩት! ከተንደረደረ በኋላ ሦስተኛ ማርሽም ይሸከመዋል። ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ሰው ሊያወርድ ቆሞ እንደገና ሲነሳ ግን አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ነዳጅ ረግጦ፣ እየጮኸ ነው። ዲስኳም እንደዚያው ናት። ከቆመችበት ተነስታ በደቂቃ 5,400 ዙር እስክትደርስ ለጥቂት ሰከንዶች ወደ 1 አምፔር የሚጠጋ ትጠይቃለች። ካላገኘች ትደክምና እንደገና ከዜሮ ትጀምራለች። ቅድም የሰማችሁት ቀጭታ ይህ ነው፤ የምታነብበት ጭንቅላት ከማረፊያዋ ልትነሳ ስትል ኃይል እያጣች ስትመለስ።

ገመዱ ምን አገባው ትሉኝ ይሆናል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ምድር ቤት ያለው በርሜሉን ሲሞላ አራተኛ ፎቅ ያለው ቧንቧውን ከፍቶ ፉጨት ይሰማል። ውሃው ተለቋል፤ ግፊቱ መንገድ ላይ አለቀ። ቮልት ማለት ያ ግፊት ነው፤ ቀጭን ገመድም ቀጭን ቧንቧ ነው።

በቁጥር እንየው፣ አትፍሩ። ገበያ ላይ የሚበዛው ቀጭን ገመድ ውስጡ 28 ቁጥር የሚባል ሽቦ አለው። ቁጥሩ ሲያድግ ሽቦው ይቀጥናል፤ ማን እንዲህ እንዳደረገው ፈጣሪ ይወቅ። የዚህ ሽቦ አንድ ሜትሩ 0.21 ኦም ያህል ይቋቋማል፤ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ እጥፉን፣ 0.42 በሉት። 0.9 አምፔር ሲያልፍበት 0.38 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 5 ቮልት ሆኖ የተነሳው 4.62 ሆኖ ይደርሳል። ባለ 3 ሜትር ገመድ ከሆነ ደግሞ 3.9 እንኳ አይሞላም፤ በዚህ ተነስታ የምትዞር ዲስክ አላየሁም። 24 ቁጥር ሽቦ ያለው አንድ ሜትር ገመድ ግን የሚያባክነው 0.15 ብቻ ነው። ገመዱ ላይ በጥቃቅኑ ታትሞ ታገኙታላችሁ፤ ሁለት ቁጥር ካለው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው የኃይሉ ሽቦ ነው። ምንም ያልተጻፈበትን በእጃችሁ ዳስሱት። እንደ ስፓጌቲ ከቀጠነ ለሀርድ ዲስክ አይሆንም።

አሁን በየሳምንቱ ወደማየው ነገር ልምጣ። የብዙ ኤክስተርናሎች መሰኪያ ጎን ለጎን ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ሰፋ፣ አንዱ ጠበብ ያለ። ከሰፊው ክፍል ውስጥ የድሮው የስልክ ቻርጀር ጫፍ በልኩ ይገባል። ይገባል ብቻ ሳይሆን ይሠራልም፤ ግን በዩኤስቢ 2.0 ፍጥነትና በ2.0 ራሽን። ሰው ዋናው ገመድ ሲጠፋበት የስልኩን ይሰካል፣ አንድ ወር ይሠራለታል፣ ከዚያ አንድ ቀን ቀጭ።

አንድ የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ልጅ እንዲህ ሆኖ መጣብኝ። የሦስት ሰርግ ቅጂ አንድ ሀርድ ዲስክ ላይ። (ይህን ስሰማ እኔም አመመኝ፤ ለሌላ ቀን ይሁን።) «ጋሼ፣ እሑድ መልስ ነው፤ ቪዲዮውን እዚያ ነው የሚያሳዩት» አለኝ። ሌላ ቦታ ወስዶት «ተከፍቶ ነው የሚታየው» ተብሏል፤ የተጠየቀውን ዋጋ ብነግራችሁ ሙሽራው ራሱ ይደነግጣል። እኔም ለመክፈት ካቻቢቴን አነሳሁ፤ ልዋሻችሁ አልችልም። ከዚያ ግን «ቤትህ እንዴት ነው የምትሰካው?» አልኩት። ሲፒዩው ጠረጴዛ ሥር ነው፣ የሚሰካው ከፊት ለፊቱ ቀዳዳ ነው፣ ገመዱ የስልክ ነው። የዴስክቶፕ የፊት ቀዳዳ ደግሞ ከማዘርቦርዱ፣ ከዋናው ቦርድ፣ ጋር የሚገናኘው በሌላ ቀጭን የውስጥ ገመድ ነው። የኋላዎቹ ግን ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የተበየዱ ናቸው። ስለዚህ የልጁ ሀርድ ዲስክ በሁለት ቀጭን ቧንቧ ተቀጣጥሎ ነበር ውሃ የሚጠብቀው። ሱቅ ውስጥ ካለኝ ኮምፒውተር ኋላ በደህና ገመድ ሰካሁት፤ ተከፈተ። ልጁ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ለትንሽ ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ «ሂሳብ ስንት ነው?» አለኝ። የገመዱን ብቻ ተቀበልኩት፤ ደስ አለኝ፣ ትንሽም ቆጨኝ።

አንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ ወደ ብዙ ስለሚከፍለው ሃብ ባጭሩ። የራሱ አዳፕተር የሌለው ሃብ ማለት ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር መሰካት ነው። 2.0 ከሆነ በሕጉ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የሚያዳርሰው 100 ሚሊ አምፔር ነው። ለማውስ ይበቃል፤ ለሀርድ ዲስክ ስድብ ነው።

መገመት ካስጠላችሁ መለካት ይቻላል። ፍላሽ የምታህል ቮልትና አምፔር የምታሳይ መለኪያ አለች፤ በቀዳዳውና በገመዱ መካከል ትሰካላችሁ። ባዶውን 5.1 የሚያሳይ ቀዳዳ ዲስኩ ሲሰካበት ከ4.5 በታች ከወረደ ድክመቱ ከኮምፒውተሩ በኩል ነው። ቀጥ ብሎ 5 አካባቢ ከቆመና ዲስኩ ግን ካልተነሳ፣ መለኪያዋ ያለችው ከገመዱ በፊት ስለሆነ ገመዱን ገና አልመረመራችሁም፤ ቀይሩት።

(እዚህ ላይ የአዳራሹ መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩም ማይክሮፎኑም ጠፉ። ትንሽ ሳቅ፣ ትንሽ «ኤጭ»።)

ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ይህን እኔ አላዘጋጀሁትም፤ ግን እንጠቀምበት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሀርድ ዲስክ አለ። ይቺ ትንሿ አሁንም እየዞረች ናት፤ የምትበላው ከላፕቶፑ ባትሪ ነውና። ትልቁ፣ ባለ 3.5 ኢንቹ፣ በራሱ አዳፕተር ግድግዳው ላይ የተሰካው፣ ቆሟል። ይህኛው 12 ቮልትም ስለሚፈልግ በዩኤስቢ ብቻ አይነሳም። ሲቆም ፋይል እየጻፈ ቢሆን ኖሮስ? ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አደራደር ፎርማት የተደረገ ዲስክ የጀመረውን ሥራ የሚመዘግብበት ማስታወሻ ስላለው ሲመለስ የፎልደሮቹን ሥርዓት ያስተካክላል፤ በመጻፍ ላይ የነበረው ፋይል ግን ዋስትና የለውም። ለማክም ለዊንዶውስም ይሁን ብላችሁ በኤክስፋት ያደረጋችሁት ደግሞ ያ ማስታወሻም የለውም። ቪዲዮ ሠሪዎች፣ ወደ እናንተ እያየሁ ነው። ትልቁን የምትጠቀሙ ከሆነ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው ሳጥን፣ የሚያስፈልገው ከኮምፒውተሩ እኩል ለእሱም ነው። ኮምፒውተሩን ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ ሀርድ ዲስኩን ግድግዳ ላይ የሚተው ሰው ብዙ ነው።

መብራት ሲሄድ ደግሞ አዳፕተሩን ንቀሉ። ሲመለስ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመለስ፤ ፍሪጃችሁን እንደምትነቅሉት ማለት ነው። ይኸው፣ ነቀልኩት።

ስለ አዳፕተር ካነሳሁ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ ትልቅ ኤክስተርናል ያለ አዳፕተሩ አመጣልኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ጫፉ ልክ የሆነ አገኘሁና ሰካሁ። የላፕቶፕ ነበር፤ 19 ቮልት። ዲስኩ የሚፈልገው 12። ቲክ አለ፣ ትንሽ ሽታ መጣ፣ አለቀ። ውስጡ ከልክ ያለፈ ቮልት ሲመጣ ራሷን መሥዋዕት የምታደርግ ትንሽ መከላከያ አለች፤ አንዳንዴ እሷ ብቻ ተቃጥላ ሌላው ይተርፋል። የእኔ አልተረፈም። ጫፉ ስለገባ ልክ ነው ማለት አይደለም። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ቮልት ከዕቃው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ቢሆን ግድ የለም፤ የመሃልና የዳር ምልክቱም፣ ፕላሱና ማይነሱ፣ መመሳሰል አለበት። የዚያን ሰው ዲስክ ዋጋ ከፈልኩ። ውስጡ የነበረውን ግን ልከፍለው አልቻልኩም።

(መብራቱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሰ። አዳፕተሩን መልሼ የሰካሁት ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው።)

ገመዱም ቀዳዳውም ደህና ሆኖ፣ በመሃል ግን ዲስኩ ብልጭ ድርግም እያለ የሚጠፋ ከሆነ፣ ጥፋተኛው የዊንዶውስ ቁጠባ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ሥራ የፈታ የመሰለውን ዩኤስቢ ያስተኛል። ዲቫይስ ማኔጀር ግቡ፣ ዩኤስቢ ሩት ሃብ የሚለውን ክፈቱ፣ ፓወር ማኔጅመንት ውስጥ ኮምፒውተሩ እንዲያጠፋው የምትፈቅደዋን ምልክት አንሡ። በፓወር ኦፕሽንስ ውስጥም ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ የምትባለውን አጥፉ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

«ፓወር ሰርጅ» የሚል መልእክት ሲመጣ ደግሞ ሰው ስታቢላይዘር ሊገዛ ይሮጣል። ስሙ ነው የሚያሳስተው። ከውጭ መብራት ከፍ ብሎ ገባ ማለት አይደለም፤ የተሰካው ዕቃ ከቀዳዳው አቅም በላይ ሳበ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ቀዳዳው ውስጥ የታጠፈች ብረት ወይም የተላጠ ገመድ አለ። ዕቃውን ነቅላችሁ ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ይቀዝቅዝ፤ በብዙ ማዘርቦርድ ላይ ያለው ፊውዝ ሲቀዘቅዝ ራሱን የሚመልስ ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ነገር። ኃይል ያነሰው ዲስክ አንዳንዴ ግማሽ ይነሳል። ኮምፒውተሩ ያየዋል፣ ግን አንብቦ አይጨርስም። ያኔ በትሕትና ይጠይቃችኋል፦ ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት መደረግ አለበት፣ ላድርገው? ወይም ዲስክ ማኔጅመንት ስትገቡ፣ ኢኒሻላይዝ ላድርገው? ኮምፒውተሩ ውስጡ የልጃችሁ ክርስትና ይኑር የመመረቂያ ጽሑፍ አያውቅም። ያላነበበውን ባዶ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። እሺ ካላችሁት ያለው ይጠፋል። ካንስል በሉ። ንቀሉ። ገመድ፣ ቀዳዳ፣ ኮምፒውተር ቀይራችሁ እዩ። ፎርማት ብሎ የመጣልኝ ሰው አለ፤ ዲስኩ ጤነኛ፣ ችግሩ ገመድ፤ ፎርማቱ ግን ተሳክቶለታል።

ቼክ ዲስክ የሚባለውንም ትእዛዝ እንደ ዳማከሴ ለሁሉም ነገር አትስጡ። እሱ የሚያስተካክለው የፎልደሩን ሥርዓት ነው፤ ለዚያም ሲል የተጎዳውን ፋይል ቆርጦ ሊጥል ይችላል። በደከመ ዲስክ ላይ ደግሞ ሰዓታት ማስሮጥ ነው። መጀመሪያ ኮፒ፣ ከዚያ ጥገና።

ሁሉን ቀይራችሁ፣ ኃይሉም ሙሉ ሆኖ፣ ቀጭታው ከቀጠለስ? ያኔ የታመመው ዲስኩ ራሱ ነው፤ ያኔ የሚጠቅመው ማቆም ብቻ ነው። በተሰካ ቁጥር ጭንቅላቷ የሚዞረውን ሳህን እየፋቀችው ሊሆን ይችላል። ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ የሚባል የድሮ ምክር አለ፤ ሲወጣ ውስጡ ላብ ይይዛል፣ ባትሞክሩት ይሻላል። ካሳውን፣ የውጭ ሽፋኑን፣ ከፍቶ ዲስኩን በሌላ ካሳ መሞከር ሁልጊዜ አያዋጣም። እንደ ዌስተርን ዲጂታል ማይ ፓስፖርት ያሉ ብዙ ሞዴሎች የዩኤስቢ መሰኪያው ዲስኩ ላይ በቀጥታ የተበየደ ነው፤ ውስጡ ያለውም በዚያው ቦርድ የተመሰጠረ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ ካለ እንቀበል።

አንዲት እናት፦ «ልጄ፣ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ቲቪው ላይ ግን ይነሳል ይጠፋል።» እናቴ፣ የቲቪውም የዲሽ ሪሲቨሩም ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ለፍላሽ ታስቦ የተሠራ ነው። የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ በመሃል አስገቡ። እየዞረ ካልነበበ ደግሞ የፎርማት ጉዳይ ነው፤ አንዳንድ ቲቪ ኤንቲኤፍኤስ አያነብም።

ሌላ ጠያቂ፦ «በኮምፒውተሩ በኩል ሁለት ቀዳዳ ላይ የሚሰካ ሁለት ራስ ያለው ገመድ ይጠቅማል ወይ?» ይጠቅማል። የዩኤስቢ ደንብ አይፈቅደውም፤ እኔ ግን ሱቅ ውስጥ ሦስት አለኝ።

ከኋላ ያሉ አባት፦ «ላፕቶፔን ስነካው ይነዝረኛል፤ ሀርድ ዲስኩን ይጎዳዋል?» አባባ፣ ቻርጀሩ ሲሰካ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ የቤቱ ሶኬት ግራውንድ የለውም ማለት ነው፤ ከቻርጀሩ የምትሾልክ ትንሽ ኤሌክትሪክ መሬት የምትገባበት ስላጣች በእርስዎ በኩል ትሄዳለች። ኤሌክትሪሺያን ጠርተው ግራውንዱን ያሳዩ። እስከዚያ በራሱ አዳፕተር የሚሠራ ዕቃ ሲያገናኙ መጀመሪያ ዩኤስቢውን፣ ከዚያ አዳፕተሩን ይሰኩ።

መጨረሻ ላይ አንድ ተማሪ ከቦርሳው የራሱን አውጥቶ «ይህንን ብታዩልኝ» አለ። በሁሉም ፊት ሰካነው። በአጭሯ ገመድ፣ መለኪያዋን በመሃል አድርገን። 5.04 ቮልት፤ ሲነሳም አልወረደም። ዲስኩ እምም አለ፣ ሙሉ ዙር ደረሰ። ከዚያ ቀጭ። ቀጭ። ወዲያው ነቀልኩት።

«ዛሬ ስንት ጊዜ ሰክተኸዋል?»

«አሥር ጊዜ ያህል።»

«ከአሁን በኋላ አንድም ጊዜ።»

ውስጡ ያለው የመመረቂያ ጽሑፉ መሆኑን ነገረኝ። በኢሜል ለአማካሪህ የላክኸው የለም ወይ አልኩት፤ «ምዕራፍ አንድና ሁለትን ልኬያለሁ» አለ። ከዚያ ጀምር አልኩት። ዲስኩን በአንዱ የቦርሳ ኪስ፣ ገመዱን በሌላው ከተተና ዚፑን ዘጋ።